ወፍራም ሶል የተጨመረበት ኮንቨርስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ረን ስታር ሃይክ የሚባለው ባለ ወፍራም ሶል ኮንቨርስ ጫማ ጣና ዳር ለሽርሽር ያምራል፤ ቅርጫት ኳስ ሜዳ አድርጎት የሚገባ ግን ለቁርጭምጭሚቱ ያስብ።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ኦል ስታር ነው። ያ ጫማ ለጨዋታ የተሠራ ስለነበር ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ ነው። በአዲሱ ላይ ሸራው፣ የጣቱ ጎማና የኮከቡ ምልክት አልተነኩም፤ የተለወጠው ከታች ነው። ሶሉ ወፍሯል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል፣ ተረከዙም ክብ ሆኖ ወደ ኋላ ወጣ ብሏል። እግር ከመሬት በራቀ ቁጥር ለመጠምዘዝ ይቀላል። አንገቱ ረጅም ነውና ይይዘኛል ማለት አያዋጣም፤ የሚይዘው ስስ ሸራ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይም ሶሉ እንደ ልብ ስለማይተጣጠፍ፣ አንዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጫማው በሙሉ ያጋድላል።

ገዢ ቁጥሩን ግማሽ ዝቅ አድርጎ ይለካ፤ ኮንቨርስ ሰፋ ብሎ ነው የሚሠራው። ተረከዝ ውስጡ ከተንሸራተተ፣ ከባዱ ሶል በየእርምጃው ወደ ታች ስለሚጎትተው ቆዳ ይልጣል።

ቀድሞ የሚላቀቀው ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለው የጎን ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ጥገናው የማይዘልቀው ማስቲሹ ጭቃና አሮጌ ማስቲሽ ላይ ስለሚቀባ፣ ሳይጠወልግም ስለሚጣበቅ ነው። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ማስቲሹ በስሱ ሁለቱም ላይ ይቀባ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ይገጠምና በመዶሻ ይመታ። እስከ ማግስቱ አይለበስ።

ነጩን ሸራ በበረኪና ማጠብ ቢጫ ያደርገዋል፣ ክሩንም ያደክማል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ሳሙናው ተጠርጎ ካልወጣ ግን ሲደርቅ ያው ቢጫ ይመጣል። ማድረቂያው ጥላ ነው። ውስጡ የሚጠቀጠቀው ነጭ ወረቀት ይሁን፤ ጋዜጣችሁ ይቅርታ ያድርግልኝና ቀለሙ ገበሩ ላይ ይቀራል።

ክረምት ላይ ደግሞ ሶሉ ከፍ ያለ ነው ብሎ ኩሬ ውስጥ የሚረግጥ፣ በውስጥ ጎኑ ያሉትን ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አይርሳ። ውኃው በእነሱ በኩል ይገባል።

ከአንድ ጫማ ሰፊ
ባሕር ዳር