የነፃ የህግ ድጋፍ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ፦ መጀመሪያ ቀኑን እንጠይቅ

ዘንድሮ ክበባችን ጋ የመጣውን ሰው ሁሉ መለስ ብዬ ሳስበው አንድ ነገር ነው ጎልቶ የሚታየኝ። ሰዉ ሀቅ አለው፣ ብዙ ጊዜ ማስረጃም አለው፣ ያለፈበት ቀኑ ነው። ሶስት ወር ሲባል አራተኛው ላይ፣ ስድስት ወር ሲባል ሰባተኛው ላይ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፣ ሽማግሌ ልኳል፣ ዘመድ አስለምኗል፣ ነገ ና ሲሉት ነገ ሄዷል። ተማሪዎቻችን ይርጋን፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ማለፉን፣ ክላስ ውስጥ ተምረውታል፣ ፈተና ላይም ሰርተውታል፣ ዘንድሮ ግን ሰው ላይ ሲደርስ አዩት፣ እኔም ይሄን ዘገባ ስፅፍ ከሁሉም በላይ ስለሱ ማውራት ነው የምፈልገው።

ክበቡን ለማታውቁት ባጭሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ላይ በህግ ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ውስጥ ከሶስተኛ አመት በላይ ያሉ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፣ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው ይመጣል፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጉዳዩን ይሰማሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ ምክር ከሆነ ይመክራሉ፣ ክስ ወይ መልስ ወይ ይግባኝ የሚፃፍ ከሆነ ረቂቁን ይሰሩና እኔ ወይ ሌላ መምህር አይተነው ይወጣል። ፍርድ ቤት ቆመው አይከራከሩም፣ የጥብቅና ፈቃድ የላቸውም። ግን ባለጉዳዩ ራሱ መቆም ካልቻለ በፍትሃ ብሄር ስነ ስርዓት ህጉ ቁጥር 58 መሰረት የትዳር ጓደኛው፣ ወንድሙ፣ ልጁ፣ እናት አባቱ ውክልና ይዘው ሊቆሙለት ይችላሉ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ስለዚህ ፅሁፉን አስተካክሎ ሰጥቶ የሚቆምለት ሰው ችሎት ላይ ምን እንደሚል ማስረዳት ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ባለመቻሉ ፍትህ የሚጓደል ከሆነ በህገ መንግስቱ አንቀፅ 20 ንዑስ አንቀፅ 5 መሰረት መንግስት ያቆምለታል፣ ተከላካይ ጠበቆች አሉ። ደሞዟን የተከለከለች ወይ መሬቷን የተነጠቀች ሴት ግን ብዙ ጊዜ ራሷ ነች የምትሯሯጠው። አንቀፅ 37 ላይ ፍትህ የማግኘት መብት ተፅፏል፣ እዛ ለመድረስ ግን መጀመሪያ የሚፃፍ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱን ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ፀሀፊዎች በገፅ እያስከፈሉ ነው የሚፅፉት። እነሱን ልወቅስ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው፣ ብዙዎቹም ጥሩ ልምድ አላቸው፣ ግን ባለጉዳዩ የነገራቸውን ነው የሚያሰፍሩት፣ ቀኑ አልፎ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

ጥር ላይ ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ መጣች። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሁለት አመት በላይ ሰርታለች፣ ሀምሌ መጨረሻ አካባቢ ከአለቃዋ ጋር ተጋጩና በነጋታው በር ላይ አትገቢም ተባለች፣ ደብዳቤ የለ ማስጠንቀቂያ የለ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ስራ ሲሆን እንኳን ከአንድ አመት በላይ እስከ ዘጠኝ አመት ላገለገለ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ነው የሚለው። እሷ ግን ክስ ትዝም አላላት፣ የሰፈር ትልልቅ ሰዎች "አብሽሪ፣ እኛ እናናግረዋለን፣ እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው" ብለው ነገሩን ያዙት፣ እውነትም አናገሩት፣ አዲስ አመት ይለፍ ተባለ፣ ከዛ ለስራ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ፣ ከዛ ገና ይለፍ ተባለ። ገናም አለፈ።

የሰማቻት የአራተኛ አመት ተማሪ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ እየነካች ቆጠረች፣ ጨርሳ ደግማ ቆጠረች፣ ከዛ ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ስራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በሶስት ወር ነው የሚታገደው፣ ድሮ አልፏል። ያልተከፈለ ደሞዝና ከስራ መቋረጥ ጋር የሚመጡት ክፍያዎች ስድስት ወር ናቸው፣ እነሱ ሊያልቁ ቀናት ቀርተዋቸዋል። ያን ቀን ምሳም አልተበላ፣ እስኪመሽ ክሱን፣ የማስረጃና የምስክር ዝርዝሩን ሰርተው ሰኞ ጠዋት መዝገብ ተከፈተ፣ በኋላም ድርጅቱ በስምምነት ክፍያዋንና የስራ ልምድ ወረቀቷን ሰጣት። ብሩ ረድቷታል፣ ቤት ኪራይ ነበረባት። ልጅቷ ስትመጣ የጠየቀችን ግን ስራዋን ነበር፣ እሱን ልናስመልስላት አልቻልንም፣ ሶስት ወሩ ሳያልቅ ብትመጣ ኖሮ ቢያንስ መጠየቅ ትችል ነበር።

ከዚህ በኋላ ክበቡ ውስጥ ክርክር ተነሳ፣ አንዳንድ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹ ናቸው ያበላሹባት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ አሁንም አልስማማም። ወሎ ውስጥ አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ላይ ተቀምጦ ስንት ደም ያደረቁ ናቸው፣ ፍርድ ቤት ወስኖት እንኳን ቂሙ ያልወጣን ነገር ሽማግሌ ጨርሶት ሰዉ አብሮ ቡና ሲጠጣ ሁላችንም አይተናል። የጎደለው ሽምግልናው ሲካሄድ ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ነው። ህጉ እኮ መንገድ አለው፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ አሰሪው በፅሁፍ አዎ አለብኝ ካለም ይቋረጣል። ክስ ከተከፈተ በኋላም መታረቅ ይቻላል፣ እርቁን በፍትሃ ብሄር ስነ ስርዓት ቁጥር 274 መሰረት ለፍርድ ቤት አቅርቦ ማስመዝገብ ነው፣ እንደውም ያኔ እርቁን በቀላሉ የሚያፈርሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ።

ይሄን ይዘን ወደ ሀይቅ ከተማ ወርደን ሽማግሌዎችን አነጋገርን። ተማሪዎቹ ፈርተው ነበር፣ እኛ ልጆች ሆነን ምን ብለን ነው ለአባቶች የምንናገረው ብለው፣ ግን በአክብሮት ተቀበሉን፣ ዱአ ተደረገልን፣ ቡና ተፈላልን፣ ከዛ ጥያቄው እነሱ ጋ ነው የበዛው። አንድ አባት እንዲህ አሉ፣ "እኛ ሰው እስኪበርድለት ነው የምንጠብቀው ልጆቼ፣ ስንጠብቅ ሀቁ የሚያልፍበት መሆኑን ማን ነገረን፣ እንግዲህ መጀመሪያ ወረቀትሽን አስገቢ ከዛ እኛ ጋ ነይ እንላለን።" ከዛ ወዲህ እሳቸው ራሳቸው የላኩልን ሰዎች መጥተዋል፣ በጊዜ።

ፎርማችንንም ቀየርነው። ድሮ ስም፣ አድራሻ፣ የጉዳዩ አይነት እያለ ነበር የሚወርደው፣ አሁን ከስም ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነገሩ የሆነው መቼ ነው የሚለው ነው፣ መጥሪያ ወይ ፍርድ ከደረሰውም መቼ ደረሰህ የሚለው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ለጥፈናል፣ በግል አቤቱታ ብቻ ለሚታይ ወንጀል ሶስት ወር፣ ለፍትሃ ብሄር ይግባኝ 60 ቀን፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ሁለት አመት፣ ለውል በመሰረቱ አስር አመት እያለ ይቀጥላል። ችግሩ ሰዉ ቀኑን በቁጥር አይዘውም። ማሽላ ሲታጨድ ነው ይላሉ፣ ልጄን የዳርኩ ሰሞን ይላሉ። ተማሪዎቹ እየቆየ ተካኑበት፣ ከአረፋ በፊት ነው በኋላ፣ ጥምቀት ላይ እዛው ነበሩ ወይስ ወጥተዋል፣ ክረምቱ ገብቶ ነበር እያሉ እያጠበቡ እያጠበቡ ቀኑ ላይ ይደርሳሉ፣ ይሄን እኔ ክላስ ውስጥ አስተምሬያቸው አላውቅም።

ሌላ የማልረሳው ከኩታበር የመጡ እናት ናቸው። ፌስታላቸውን ፈቱትና ያላቸውን ወረቀት በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ የእድር ደረሰኝ፣ እሳቸውና ሟች ባለቤታቸው ጎን ለጎን ፎቷቸው ያለበት የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ከስር መጥሪያ ከነክሱ፣ ክሱ ላይ ደግሞ ሀምራዊ የአውራ ጣት ምልክት ያለበት የብድር ውል ኮፒ ተያይዟል። ማንበብ አይችሉም። "ለማዳበሪያ ነው ፈርሚ ብሎኝ ነው የኔ ልጅ፣ ብር እንኳን በእጄ አልነካሁም" አሉ። ውሉ ላይ ሶስት ምስክር አለ፣ ብሩም ቀላል አይደለም፣ ላየው ሰው ያለቀለት ነው የሚመስለው። አንዱ ተማሪ ዝም ብሎ ሲያገላብጥ ቆየና "እማማ፣ ጣትዎን ሲያደርጉ የት ነበሩ፣ ቤት ነው ወይስ ቢሮ?" አላቸው። "ቤቱ ነዋ፣ ቡና እየጠጣን።" ልጁ ወዲያው የፍትሃ ብሄር ህጉን ከፍቶ ቁጥር 1728 ላይ ጣቱን አስቀመጠ። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መፃፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት በስራቸው ላይ ሆነው ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ነው የሚለው። ህጉ ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፣ ግን ስንቱ ገበሬ ያውቀዋል? መልሱ በቀጠሮው ገብቷል፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ልጃቸው በውክልና ነው የሚከታተለው። ይሄን የሚያነብ ማንኛውም ሰው እናቱ ወይ አያቱ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ይንገራቸው፣ ሰው ቤት ጣታቸውን እንዳያስነኩ፣ ካስነኩም ደግሞ ሁሉ ነገር አልቋል ብለው መጥሪያውን ትራስ ስር እንዳያስቀምጡ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ቀለብ የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ክስ ሲከፈት የሚከፈለውን የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው በድህነት ልክሰስ ብሎ ማመልከት እንደሚችል፣ ከፍትሃ ብሄር ስነ ስርዓት ህጉ ቁጥር 467 ጀምሮ፣ ነግረን ከቀበሌ ማስረጃ እንዲያመጡ ተማሪ አብሯቸው ይሄዳል፣ ተማሪ አብሮ ሲሄድ ቶሎ ያልቃል። ሀይቅ አካባቢ መጠለያ ካሉት ተፈናቃዮች መታወቂያና የልደት ካርድ የጠፋባቸው መጥተዋል። የቤት ሰራተኞች ጉዳይ ከባዱ ነው፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ አይሸፍናቸውም፣ ያው የፍትሃ ብሄር ህጉ ጋ ነው የምንሄደው፣ እሱም ስለነሱ የሚለው ትንሽ ነው፣ ይሄ በእውነት መለወጥ ያለበት ነገር ነው። ማረሚያ ቤት ዘንድሮ እንዳሰብነው አልሰራንም።

ረመዳንና አብይ ፆም ተደራርበው ሲገቡ ሰዓቱን ወደ ማለዳ አመጣነው፣ ግማሹ ሳይበላ ሳይጠጣ ግማሹ ከሰዓት ድረስ ፆሞ ነው የሚሰሩት፣ አንድም ቅዳሜ አልተዘጋም። ከከተማው ጠበቆች ጊዜያቸውን የሰጡን አሉ፣ ደንብ ቁጥር 57/1992 ለፌደራል ጠበቆች በአመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ አገልግሉ የሚል ግዴታ አስቀምጦ ነበር፣ እኛ ጋ የመጡት ግን ሰዓት ሲቆጥሩ አላየኋቸውም፣ ከልብ እናመሰግናለን።

ለመጪው አመት ሶስት ነገር ያስፈልገናል። አምስተኛ አመቶች ለመውጫ ፈተና ሲገቡ ባለጉዳዮቻቸው የሚያውቁትን ሰው አጥተው ይደናገራሉ፣ ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ እያንዳንዱ ፋይል ከታች ክፍል አንድ ተረካቢ ተማሪ እንዲኖረው ወስነናል፣ ሁለተኛ አመቶች ለዚህ ተመዝገቡ። ፕሪንተራችን አርጅቷል። ከከሚሴና ከባቲ በኩል የሚመጡ ሰዎች ኦሮምኛ ብቻ ሲናገሩ በጎረቤት ነው የምናስተረጉመው፣ የቤት ሚስጥር ደግሞ በጎረቤት አይተረጎምም፣ ኦሮምኛ የምትችሉ ተማሪዎች የየትኛውም አመት ብትሆኑ ኑልን። ምዝገባው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የክበቡ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከመጣችሁም እዛው አለን።