ዳገት የመሰለው ቁልቁለት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። ባለፈው እሁድ ስደውልልሽ ቀኑ ተጋምሶ ገና ከአልጋ አልወረድሽም ነበር። «ተነስቼስ ምን ላደርግ አባዬ? እዚህ ከተማ የሚታይ ነገር የለም» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለሥራ ብለሽ ሰው ወደማታውቂበት ከተማ ከሄድሽ እነሆ 7 ወር ሆነሽ። ድካምሽ ይገባኛል። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ስትመላለሺ፣ እሁድሽም በስልክ ሲያልቅ እያወቅሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በቃል ብነግርሽ «እሺ» ብለሽ ታልፊዋለሽና ጻፍኩልሽ።

ያን ዳገት ታስታውሺዋለሽ? የ9 ዓመት ልጅ ነበርሽ። «መኪና ወደ ላይ ይስባል» እየተባለ ወደሚወራለት መንገድ ይዤሽ የወጣሁ ቀን ማለቴ ነው። በመንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። መኪናዋን አቆምኩ፣ ማርሹን አወጣሁ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ ከጎማው ሥር የጠጠር ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ ቀስ እያለች ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ወንበሩን በሁለት እጅሽ ጨምድደሽ «አባዬ፣ ማነው የሚገፋን?» አልሽኝ። ወርደሽ ከኮዳሽ ውሃ አስፋልቱ ላይ አፈሰስሽ፤ ውሃውም ሽቅብ ሄደ። ከኪስሽ ሰማያዊ ብይሽን አውጥተሽ ለቀቅሻት፤ እሷም ሽቅብ ተንከባለለች፤ ሮጠሽ ያዝሻት።

ያኔ ከሥራ ሳጥኔ ውስጥ ውሃ ልኩን፣ ያን የአየር አረፋ ያለበትን የግንበኛ መለኪያ፣ አወጣሁ። አስፋልቱ ላይ አጋድሜው አንቺ በደረትሽ ተኝተሽ አረፋዋን ትመለከቺ ጀመር። የውሃ ልክ አረፋ ሁልጊዜ የምትሸሸው ወደ ከፍታው ነው። አረፋዋ ግን ዓይናችን «ይህ ዝቅ ያለ ነው» ወዳለው ጫፍ ሄዳ ተጣበቀች። አዙረን አስቀመጥነው፤ ያው ሆነ። ዳገት ያልነው መንገድ ቁልቁለት ኖሯል! ቀና ብለሽ መንገዱን አየሽ፣ እንደገና አረፋዋን አየሽ። «ታዲያ ዓይኔ ነው የዋሸኝ?» ያልሽኝን መቼም አልረሳውም።

ዓይን ተዳፋትን ብቻውን አይለካም። ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ይፈልጋል፤ ዛፍና አጥር ቀጥ ብለው የቆሙ ይመስለዋል። ኮረብታው ያን መስመር ሲሸፍነው፣ ዛፎቹም ዘመም ሲሉ ልኬቱ ይሳሳታል። ሌላም አለ፦ ከባድ ቁልቁለት ወርደሽ ለስላሳ ቁልቁለት ሲከተል ያ ለስላሳው ዳገት ይመስልሻል። ጣሊያን ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያለ መንገድ በትንሹ በጠረጴዛ ላይ ሠርተው፣ ያዩት ሰዎች ልክ እንደ እኛ መታለላቸውን አሳይተዋል። በካናዳ ሞንክተን አጠገብ ያለውን ሰዎች «የማግኔት ኮረብታ» ብለው ይጠሩታል፤ በስኮትላንድ ያለው ደግሞ «የኤሌክትሪክ ዳገት» የሚለው ስሙ የመጣው ኤሌክትሪክ ነው የሚስበን ከሚል እምነት ነው። ማግኔትም ኤሌክትሪክም የለበትም። ግን ልጄ፣ ምስጢሩን ካወቅን በኋላም መኪናዋን መልሰን 4 ጊዜ ለቀቅናት፤ አራቱንም ጊዜ ደስ አለን።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ያ ቦታ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም ነበር። ለሥራ ስመላለስ በዚያው መንገድ ዓመታት አልፌበታለሁ። አሸዋና ሲሚንቶ ጭኜ፣ ሰዓት እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልቆም። ያቆመኝ አንድ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ «እዚያ ላይ ፍሬንህን ለቀህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ጠይቂ። «የሚጎበኝ ቦታ አለ?» ብለሽ ብትጠይቂ «የለም» ይሉሻል፤ ሰው ያደገበትን ነገር እንደ ጉብኝት አይቆጥረውም። «ልጅ ሳላችሁ የት ትጫወቱ ነበር?» በያቸው። ያኔ ስለሚያስተጋባው ገደል፣ ለሁለት ስለተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ጓሮውን በጠርሙስ ስላጠረው ሽማግሌ ይነግሩሻል። ሾፌሮችን ጠይቂ፣ ፖስታ አመላላሾችን ጠይቂ።

ፖስታ አመላላሽ ስል አንድ ሰው ትዝ አለኝ። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ኦትሪቭ በምትባል መንደር፣ ፈርዲናንድ ሼቫል የሚባል በእግሩ እየዞረ ፖስታ የሚያድል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879፣ የ43 ዓመት ሰው ሳለ፣ በመንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ አደናቀፈው። ቅርጹ ገርሞት ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ተመልሶ ሌላ አነሳ። ኪሱ አልበቃ ሲል በቅርጫት፣ ቅርጫቱ አልበቃ ሲል በእጅ ጋሪ ይሸከም ጀመር። ቀን ፖስታውን አድሎ ሲጨርስ ሌሊት በመብራት ይገነባ ነበር። ማንም ግንባታ አላስተማረውም። 33 ዓመት ፈጅቶ በ1912 የጨረሰው 26 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። በግድግዳው ላይ ራሱ የጻፈው ልፋት አለ፦ 10,000 ቀን፣ 93,000 ሰዓት። እዚያው ልቀበር ቢል ሕግ ስላልፈቀደለት፣ በመንደሩ መካነ መቃብር የራሱን መቃብር ለመሥራት ሌላ 8 ዓመት ለፋ። በ1969 የፈረንሳይ መንግሥት ሥራውን በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው።

የእኔን ልብ የበለጠ የሚነካው ግን ሳይመን ሮዲያ ነው፤ የሙያ ወንድሜ ስለሆነ ይሆናል። ከጣሊያን የተሰደደ፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ የሚሠራ ሰው ነበር። በሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ብቻውን ማማዎች አቆመ። ትልቁ 30 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መወጣጫ አልሠራም፣ ብየዳ የለም፣ ቡሎን የለም። ብረቱን በሽቦ እያሰረ፣ ሲሚንቶ እየለበጠ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተሰበረ ሰሃን፣ ጠርሙስና የባሕር ዛጎል እየተከለበት ወጣ። እሱ ትቶት ከሄደ በኋላ የከተማው ሰዎች «ይወድቃል፣ ይፍረስ» አሉ። በ1959 ሊፈትኑት ወደ 4.5 ቶን በሚደርስ ኃይል ሳቡት። ማማው ንቅንቅ አላለም፤ የታጠፈው የሚስበው መሣሪያ ነበር። 30 ዓመት በግንበኝነት ሠርቻለሁ፤ ያለ መወጣጫ 30 ሜትር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል።

ስለዚህ በምትኖሪበት ከተማ ዳር አንድ እንግዳ ቤት፣ በቆርቆሮ የተሠራ እንስሳ ወይም በዛጎል የተለበጠ አጥር ብታዪ ፎቶ አንስተሽ አትለፊ። በሩን አንኳኪ፤ ሠሪው በሕይወት ካለ ከምን እንደጀመረ ጠይቂው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የጠየቀው የለም። የአሜሪካው ጂም ሬይንደርስ እ.ኤ.አ. በ1987 አባቱ ይኖርበት በነበረው እርሻ ላይ አሮጌ መኪናዎችን ጫፋቸውን ቀብሮ፣ ግራጫ ቀብቶ፣ በእንግሊዝ ያለውን የስቶንሄንጅ የድንጋይ ክበብ አስመስሎ አቁሟቸዋል። መንገደኛ አይቶ ይስቃል። የሠራው ግን ለሟች አባቱ መታሰቢያ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አብሮት ደክሟል። ያልጠየቀ ሰው ይህን ሳያውቅ ያልፋል።

አንድ ጥፋቴንም ልንገርሽ፤ አንቺም ሳታስታውሺው አትቀሪም። 11 ዓመት ሲሞላሽ አንቺንና ወንድምሽን በአንድ ቀን 5 ቦታ ላሳይ ብዬ ወጣሁ። ፏፏቴው ላይ የቆየነው 10 ደቂቃ ነው። ሐይቁን ከመኪና ሳንወርድ አየነው። አራተኛው ላይ መሸብን፤ ዝናብ መጣ፤ በጨለማ ጠመዝማዛ መንገድ እየነዳሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሳምንት በኋላ ምን እንዳያችሁ ብጠይቃችሁ ወንድምሽ አንዱንም ቦታ መጥራት አቃተው፤ አንቺ ያስታወስሽው ቀኑን ሙሉ «ፍጠኑ» ስል መዋሌን ነው። ለአንድ እሁድ አንድ ቦታ ይበቃል። ለመመለሻሽ ሰዓት ቆርጠሽ ውጪ፤ የቀኑ ብርሃን ሲጋመስ የትም ደርሰሽ ቢሆን ፊትሽን ወደ ቤት አዙሪ። ሄደሽ ደግሞ ቁጭ በይ።

ፏፏቴ ካለ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርጊ። የማርያም መቀነት የሚታየው እንዲያ ስትቆሚ ነው። ከጥላሽ ራስ ዙሪያ በ42 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ክብ ስለሆነ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ክቡ ከአድማስ በታች ይሰምጣል። መሣሪያ አያስፈልግሽም፤ ጥላሽ ከቁመትሽ ረዘም ያለበትን ሰዓት ጠብቂ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ ማለት ነው። ከገደል አፋፍ ሆነሽ ወደ ታች ጉሙን የምታዪ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላም ልታገኚው ትችያለሽ። ደግሞ አጠገብሽ የቆመ ሰው የሚያየው መቀነት የአንቺ አይደለም፤ ብርሃኑ ለእሱ የመጣው ከሌላ ጠብታ ነው። በአፋፉ ግን ለፎቶ ብለሽ አትጠጊ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴ ልምላሜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የወንዙ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ድምፁ ከተለወጠ፣ ያለሽበት ሰማይ ጥርት ቢልም ላይ ዘንቧልና ወዲያው ውጪ።

ድንጋዩንም ጊዜ ሰጥተሽ እዪው። የደረቀ ጭቃ ሲሰነጠቅ አይተሽዋል አይደል? ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ሲወርድ ድንጋዩ ቋሚ ምሰሶ እየሆነ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ጎን። በሰሜን አየርላንድ የባሕር ዳርቻ 40,000 የሚያህሉ ምሰሶዎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የአገሩ ሰው ፊን የሚባል ግዙፍ ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር ያነጠፈው መንገድ ነው ይላል። ሁለቱንም መስማት ደስ ይለኛል። አንቺም አንድ ቦታ ስትደርሺ ድንጋዩ እንዴት እንደተሠራ አንብቢ፣ ሰዉ ስለ ድንጋዩ የሚያወራውንም ከሽማግሌ አፍ ስሚ።

አሁን ዋናውን ልናገር። እነዚያን እሁዶች የምናፍቃቸው ለዳገቱና ለፏፏቴው ብቻ ብዬ አይደለም። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጬ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስልሽ «ደህና» ብለሽ ዝም ትዪ ነበር። መኪና ውስጥ ግን ሁለታችንም ፊታችንን ወደ መንገዱ አድርገን ስንሄድ ሳልጠይቅሽ ታወሪኛለሽ። ሒሳብ አስተማሪሽን እንደምትፈሪ የነገርሽኝ ከዳገቱ ስንመለስ ነው። ሕክምና መማር እንደማትፈልጊ፣ እኔን ላለማሳዘን ብለሽ 2 ዓመት እንደደበቅሽው የነገርሽኝም ከሌላ መንገድ ስንመለስ ነው። ያን ቀን መኪናዋን ዳር አቁሜ ብዙ ቆየን። እዚያ ከተማ ደግሞ እንዲህ የምታወሪው ሰው ገና እንዳላገኘሽ ከድምፅሽ ይታወቀኛል። ከመሥሪያ ቤትሽ አንዷን ይዘሽ ውጪ። ብቻሽን ከሆንሽም የት እንደሄድሽና መቼ እንደምትመለሺ ለአንድ ሰው ነግረሽ ሂጂ።

ፖስታው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ። ብይሽ ናት። የሥራ ሳጥኔ ጥግ፣ ውሃ ልኩ ሥር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ነበረች። ትንሽ ተፈንክታለች። በዚያ አካባቢም እንዲህ ያለ መንገድ እንዳለ ከሾፌሮቹ ጠይቂ፤ ካገኘሽ አስፋልቱ ላይ አስቀምጫትና ወዴት እንደሄደች ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ወር ስመጣ ውሃ ልኩን ይዤ እመጣለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ