የሥነ ፈለክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሁለት ክላስተሮች ግጭትና አንድ ግራጫ ወረቀት

የሥነ ፈለክ ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሰበሰብ ቆይቷል። በቀደሙት ዓመታት ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየዘለልን ብዙ ርእስ ነካክተን አንዱንም ሳናጠልቅ ስለቀረን፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ መርጠን እንድንመረምር ሐሳብ አቀረብኩ። የተመረጠውም ቡሌት ክላስተር የሚባለው፣ ከእኛ 3.7 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው የሁለት የጋላክሲ ክላስተሮች ግጭት ነው።

ክላስተር በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት የተሳሰሩበት ስብስብ ነው። በመካከላቸው ያለው ቦታ ባዶ ቢመስልም፣ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ስስ ጋዝ ሞልቶታል፤ የዚህ ጋዝ መጠነ ቁስም ከከዋክብቱ ሁሉ ድምር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጋዙ የሚያመነጨው ኤክስሬይ ነው፤ ሐኪም ቤት ራጅ ስንነሣ የሚያልፍብን ዓይነት ጨረር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ከእንጦጦ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ነበር። እንጦጦ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተሠሩት ለሚታይ ብርሃን ነው፤ ኤክስሬይን ደግሞ ከባቢ አየር ስለሚውጠው የየትኛውም ተራራ ከፍታ አይበቃም። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ኅዋ የተላከው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የስበት ሌንስ ነው። ከባድ አካል በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚያጥፍ፣ ከክላስተሩ ኋላ ያሉት ጋላክሲዎች ተለጥጠው፣ አንዳንዴም ቅስት ሆነው ይታያሉ፤ ከመለጠጣቸው መጠንም ክብደቱ የት እንዳለ ይሰላል፣ ያ ክብደት ያብራ አያብራ ለውጥ የለውም። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ውኃ የተሞላ ብርሌ ሞክረን ሥዕሉን ገለበጠብን። የተሳካልን በወይን ብርጭቆ እግር ነው፦ ወረቀት ላይ ባለች ነጥብ መካከል ሲያርፍ ነጥቧ ቀለበት ትሆናለች፣ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ደግሞ ቀለበቱ ተሰብሮ ሁለት ቅስት ይወጣዋል።

በጥር ወር ታዋቂውን የቡሌት ክላስተር ምስል አትመን ለማደል ስንነሣ የማተሚያው ቀለም አልቆ ጥቁርና ነጭ ብቻ ወጣ። ሮዝ የሆነው የጋዙ ኤክስሬይና ሰማያዊ የሆነው የሌንሱ የክብደት ካርታ አንድ ግራጫ ሆኑ፤ ምስሉ የሚለው ነገር በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። አንዲት ተማሪ የስልኬን ስክሪን እያየች በባለቀለም እርሳስ ወሰኖቹን ስትለይ አመሸች። ሥራዋ የጠቀመን ከታተመው ቀለም በላይ ነው፤ ቀለሞቹ በሰው እጅ የተሰጡ ምልክቶች እንጂ የሰማዩ መልክ አለመሆናቸውን ሁሉም በዓይኑ አየ፣ ሁለቱ ሮዞች መሃል ላይ ሲቀሩ ሁለቱ ሰማያዊዎች ከጋላክሲዎቹ ጋር ወደ ዳርና ዳር ማለፋቸውንም እንዲሁ።

ምክንያቱን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳው ከገጠር የመጣ ተማሪ ነው፤ ሁለት የከብት መንጋ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ከብቶቹ አልፈው ይሄዳሉ፣ አቧራው ግን መሃል ላይ ይቀራል አለን። ምሳሌው ግሩም ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። እዚህ አቧራው፣ ማለትም ጋዙ፣ ከከብቶቹ ይከብዳልና ክብደቱ ሁሉ የሚታይ ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌንሱ ወደ መሃሉ ባመለከተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ልኬት ግን ያመለከተው ወደ ዳርና ዳሩ ነው፤ ጨለማ ቁስ የምንለው፣ ማለትም የማያበራውና በስበቱ ብቻ የሚታወቀው ቁስ፣ ከጋዙ ተለይቶ፣ ሳይጋጭ ማለፉን ተመራማሪዎቹ የደመደሙት ከዚህ ልዩነት ተነሥተው ነው።

ያቀድነው የእንጦጦ ጉብኝት በመጓጓዣ እጦት አልተካሄደም። ለ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አቤል 520 የተባለውን ሌላ የክላስተሮች ግጭት መርጠዋል፤ በዚያ ግጭት አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ክብደቱ መሃል ላይ ከጋዙ ጋር ቀርቷል ሲል፣ ሌላው ቡድን አላገኘሁትም ብሏል። ልጆቹ የሁለቱንም ካርታ ራሳቸው በእርሳስ ቀለም ለመቀባት ወረቀቱን ከወዲሁ ወስደዋል።