ስለ ትንሿ ኮምፒውተራችንና ስለ አዲሱ ዋጋ
ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ይህን የምጽፈው በተለይ ባለፉት ሁለት ወራት ስቱዲዮአችን መጥታችሁ ቅር ብሏችሁ ለወጣችሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የነበረው ትልቁ ጥቁር ኮምፒውተር ተነስቷል። በእሱ ፋንታ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ብርማ ሳጥን አለች። በዚያው ሰሞን አንድ ካሴት ወደ ዲጂታል የምንገለብጥበት ዋጋ ከ400 ወደ 600 ብር ከፍ አለ። አንድ የብዙ ዓመት ደንበኛችን ሳጥኗን አይተው፣ «ዕቃው እያነሰ ዋጋው የሚጨምረው እንዴት ነው?» አሉኝ። አንዲት እህት ደግሞ የእናቷን ካሴቶች ከመደርደሪያው አንስታ ይዛቸው ሄደች። ምንም አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው እሱ ነው።

ይቅርታውን ላስቀድም። ዕቃ ስንቀይር አሥራ ስድስት ቀን ሥራ ቆሟል። ለሙት ዓመት የአባታቸውን ድምፅ ሊያሰሙ የፈለጉ ቤተሰቦች ቀኑ አልፎባቸዋል። ቀድመን ደውለን መናገር ነበረብን፤ አልደወልንም። ይቅርታ አድርጉልን።

ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ይህን ሥራ የጀመርኩት በ1994 ዓ.ም. ፒያሳ ነው። አንድ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕና አንድ ማይክ ነበረኝ። ያኔ ውጭ አገር ላለ ዘመድ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ የሚልክ ብዙ ሰው ነበር። እናቶች ማይኩ ፊት ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ እንደምን አለህ» ብለው ጀምረው እንባቸው ያቋርጣቸዋል። ቴፑን አቆምላቸዋለሁ። ውኃ ጠጥተው ይቀጥላሉ። ዛሬ እነዚያው ካሴቶች ከዋሽንግተንና ከዱባይ በሰው እጅ ተመልሰው ይመጡልኛል፤ «ሳይበላሽ አትርፍልን» ተብለው። እኔ የቀዳኋቸው ጭምር አሉበት። ከእጄ የወጣ ድምፅ ተመልሶ እጄ ሲገባ በርካሽ ዕቃ ልነካው እንደማልችል እመኑኝ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳዋ ክፍላችን ስትፈርስ አሁን ወዳለንባት ጠባብ ክፍል ገባን። ችግሩ የጀመረው እዚህ ነው። ፒያሳ እያለን ትልቁ ኮምፒውተር ከግድግዳው ወዲያ ነበር፤ እዚህ ግን እግሬ ሥር ሆነ። ሥራ ሲበዛበት ፋኑ ይጮኻል። የፋኑ ድምፅ ወደ ካሴቱ ቅጂ አይገባም፤ ድምፁ በገመድ ነው የሚሄደው። ጆሮዬ ውስጥ ግን ይገባል። ድሮ የተቀዳ ካሴት በራሱ ሽሽ ይላል። ከዚያ ሽሽታ ሥር አንዲት እናት ትንፋሿን ስትስብ አለ። የቱን ላጥፋ የቱን ልተው ብዬ የምወስነው በጆሮዬ ነው። ፋን እየጮኸ ስሠራ ሽሽታውን ከሚገባው በላይ አጥፍቼ ትንፋሹንም አብሬ የወሰድኩባቸው ሥራዎች ነበሩ። ሁለቱን መልሼ በነፃ ሠርቻቸዋለሁ። ያኔ ነው ይህ ኮምፒውተር ከዚህ ክፍል መውጣት አለበት ያልኩት።

አሁን ያለችው ማክ ሚኒ ትባላለች። አፕል የመጀመሪያዋን ያወጣው በፈረንጆች 2005 ነው፤ የእኛ በፈረንጆች 2024 መጨረሻ ላይ የወጣችው፣ ኤም 4 የሚባለው ቺፕ ያላት ናት። ጎኗ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ኪሎ አትሞላም። ፋን አላት፤ እኔ ግን በሥራ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ሥራ ሲበዛባት እንኳ የምትወስደው 65 ዋት ገደማ ነው። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤሳችን የድሮውን ኮምፒውተር ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር የሚይዘው። ካሴት እየተገለበጠ መሃል ላይ ሲቋረጥ እንደገና ከመጀመሪያው ይኬዳል። አርባ ዓመት ያስቆጠረች ክር ደግሞ በተመላለሰች ቁጥር ትጎዳለች። አሁን ያው ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ገደማ ያቆየናል። የካሴቱ አንድ ገጽ ሳይቋረጥ ያልቃል ማለት ነው።

«ታዲያ ይቺ ትንሽ ዕቃ ትችለዋለች ወይ?» ለምትሉ፣ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ነው የሚይዘው። እኛ በሰከንድ 96,000 ጊዜ እንለካለን፤ እያንዳንዱም ልኬት እንደ ሲዲ በ16 ቢት ሳይሆን በ24 ቢት ይጻፋል፤ ቢቱ ሲበዛ ልኬቱ ይረቃል። ግራና ቀኙ ተደምሮ የአንድ ሰዓት ካሴት ከ690 ሚሊዮን በላይ ልኬት ነው። ቦታውም 2 ጊጋ ያህል ይሆናል። የማጽጃው ፕሮግራም እያንዳንዱን ልኬት ይነካል። የድሮው ኮምፒውተር ለዚህ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። ትንሿ ከግማሽ ሰዓት በታች ትጨርሰዋለች።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ካሴቱ ላይ የሌለ ድምፅ 96,000 ጊዜ ስለተለካ አይመጣም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ጥቅሙ ሌላ ነው። የድሮ ቴፖች ቀበቷቸው ረግቦ ወይም ሞተራቸው ተዛብቶ አንዳንዱ እየፈጠነ፣ አንዳንዱ እየጎተተ ቀድቷል። ፍጥነቱን ስናስተካክል፣ ሽሽታውን ስንቀንስ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ስናደርግ ድምፁ ደጋግሞ ይነካካል። ከበቂ በላይ የተለካ ድምፅ ይህን ሁሉ ይችላል። በጥቂቱ የተለካው ሊሻክር ይችላል። በ24 ቢት ደግሞ ዝቅ አድርገን በጥንቃቄ እንቀዳለን። በድንገት እልልታ ቢመጣ አይሰነጠቅብንም፤ በኋላ ከፍ ስናደርገውም ሌላ ጫጫታ ይዞብን አይነሳም። የሠርግ ካሴት ያመጣችሁልን ይህን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ዋጋው። ፈጣን ኮምፒውተር ካለ ለምን አልቀነሰም? ምክንያቱም ካሴት አይቸኩልም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በማንኛውም ኮምፒውተር። ከዚያ በፊት የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ማጽዳት፣ ለዚያ ካሴት እንዲስማማ አቅጣጫውን በካቻቢቴ ማስተካከል አለ። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ መስማት። የምትከፍሉኝ ለዚህ ሰዓት ነው።

የቀረው ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቴፕ ቀበቶ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሁሉም በዶላር የሚመጣ ነው። ድምፁን ከቴፑ ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚቀይረው የድሮው ሳውንድ ካርዳችን ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ ስለነበር ትንሿ ውስጥ አልገባም። በውጭ በኩል የሚሰካ አዲስ መግዛት ነበረብን፤ እሱ ከኮምፒውተሯ በላይ ነው ያስወጣን። የሳጥኗን ትንሽነት ያያችሁ፣ ከጎኗ ያለውን አላያችሁትም። አሥራ ስድስቱ ቀንም ያለቀው በዚህ ነው፤ አዲሱን ዕቃ ፍለጋና የድሮ ሥራዎችን አዲሱ ፕሮግራም ላይ አንድ በአንድ ከፍቶ ማስተላለፍ።

የኮምፒውተሯን ጉድለትም አልደብቅም። ሜሞሪዋ ከቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ በኋላ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ስንገዛ ትልቁን፣ ባለ 32 ጊጋውን ወሰድን። ለዚህም ብድር ገብቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ትርፍ ለማጋበስ ነው የሚል ሐሜት ጆሮዬ ስለገባ ነው።

ሲዲ ሲመጣ አብራችሁኝ ነበራችሁ። ፍላሽ መጥቶ ሲዲውን ሲገድለው ብዙ ጎረቤቶቻችን ሲዘጉ፣ «አንተ አትዝጋ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አልዘጋሁም። ስለዚህ አሁን ስትርቁኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከዋጋ ለውጡ በፊት ያስረከባችሁን ካሴቶች በሙሉ በድሮው 400 ብር እንጨርሳለን። ከአሥር በላይ ካሴት ላላችሁ ቅናሽ አለ፤ እንነጋገር። ፋይሉ ከብዶ መኪናችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ አልከፈት ካለ፣ ቀለል ያለ ቅጂ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንሰጣለን። ዋናውን ግን አታጥፉት። እኛም በሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓመት እናስቀምጥላችኋለን።

ካሴቶቿን ይዛ የሄደችው እህቴ፣ ሌላ ቦታ ብታስገለብጫቸውም አልቀየምሽም። ብቻ አራተኛው ካሴት ላይ ክሯ ታጥፋለች። ሳትስተካከል ቴፕ ውስጥ እንዳትገባ ንገሪያቸው።

ሌሎቻችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። በድሮው ኮምፒውተርና በአዲሷ የተጸዳ አንድ ካሴት ጎን ለጎን አዘጋጅቻለሁ። ሄድፎኑን አድርጋችሁ ራሳችሁ ስሙት።

አክባሪያችሁ፣
የስቱዲዮው ባለቤት