«የሲስተም ችግር ነው» ሲሏችሁ «ማን ላከው?» በሏቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው፣ የመሥሪያ ቤት መረጃ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ቋት። ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «ኮምፒውተር» ብዬ ነው የማልፈው፣ ያለዚያ ማብራሪያው ሳያልቅ ቡናው ይቀዘቅዛል። ዛሬ ግን ማብራራት ግድ ሆኖብኛል።

ነገሬ ከእናንተም ጋር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሒሳብ ያዛባል። ጋዜጠኛ ሄዶ ይጠይቃል። ኃላፊው «የሲስተም ችግር ነው» ይላል። እናንተም እንዳለ ታትሙታላችሁ። አለቀ። ሲስተም እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል ማንም «የቱ ሲስተም?» አይልም። እኔን የሚያበሽቀኝ ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ሲስተም በገዛ እጁ ተነሥቶ የሰው ሒሳብ አይነካም። ዳታቤዝ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ፕሮሲጀር የምንለው ትንሽ ፕሮግራም አለ። ካልጠሩት ተኝቶ ነው የሚውለው። ከሠራ ጠሪ አለው ማለት ነው። ጠሪው ማን እንደነበረ ደግሞ ሊታወቅ ይችላል፣ አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ካለ።

የሰፈር ሱቅ አስቡ። አንድ ሕፃን ይመጣና «ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ» ይላል። ባለሱቁ ወዲያው «ማን ላከህ?» ይላል። ደብተሩ ላይ የሚጽፈው የሕፃኑን ስም አይደለም፣ የላከውን ቤት ነው። በወር መጨረሻ ክርክር ሲነሣ ደብተሩ ይገለጣል። ሕፃኑንም ሠራተኛዋ ልካው ይሆናል፣ ሠራተኛዋን እመቤቲቱ፤ ጎበዝ ባለሱቅ እስከዚያ ድረስ ይጠይቃል። አብዛኞቹ የእኛ ዳታቤዞች ግን «ማን ላከህ?» የማይል ባለሱቅ ናቸው። የመጣ ሁሉ ስኳሩን ተቀብሎ ይሄዳል።

አሁን የደረሰብንን ልንገራችሁ። ድርጅቱን አልጠራም፣ ሰውም አልጠራም። ቡና ይሰበስባል፣ ይበቃል። እኔ እዚያ በኮንትራት እየተመላለስኩ ሲስተሙን አያለሁ።

ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲገባ ግቢው ይጨናነቃል። ለሰብሳቢዎቹ ከቡናው ዋጋ ሌላ የትራንስፖርት ጭማሪ ይታሰብላቸዋል። ይህን ጭማሪ ሒሳባቸው ላይ የሚደምር አንድ ፕሮሲጀር አለ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ በወር አንድ ቀን አንድ ቁልፍ ትነካለች፣ ፕሮሲጀሩ ይጠራል፣ ጭማሪው ይገባል። በቃ ይኸው ነው።

ጥቅምት 21 ምሽት፣ ከመውጣቷ በፊት ነካችው። በማግስቱ ሲታይ ጭማሪው ሁለት ጊዜ ገብቷል። እስኪነቃ ድረስ ጥቂት ሰብሳቢዎች ትርፉን አውጥተው ሄደዋል፤ ገሚሶቹ በኋላ መለሱ፣ ገሚሶቹ «ምን ትርፍ?» አሉ። የጎደለው ከማን ይቆረጥ? ሎጉ፣ ማለትም የጥሪዎቹ መዝገብ፣ ተከፈተ። ሁለቱም ጥሪዎች በአንድ ዩዘር (የመግቢያ ስም) ነው የተመዘገቡት፣ ሰዓቱ ደግሞ ሁለተኛው 2:10 ይላል። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን ጠርቶ «ማታ ነካሽው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ደግሞ ደገምሽው» አላት። እውነትም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገብታለች፣ ፈርማለች። ማልቀስ ብቻ ነበር የቀራት። የወሩ ደመወዝ ሲከፈል ተቆረጠባት።

እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ እውነት አልነካሁትም» አለችኝ። እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ አላመንኳትም። ማሽን ቀርፈፍ ሲል ሁለት ጊዜ የማይነካ ማን አለ? ቤቴ ገብቼ እራት እየበላሁ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ዳታቤዙን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እኮ የሐበሻ ሰዓት አያውቅም! ሪፖርቱ ላይ 2:10 ብሎ ያተመው የፈረንጁን ነው። ያ ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ነው። በዚያ ሰዓት ልጅቷ አልጋዋ ላይ ናት፣ ግቢው ውስጥ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ኮምፒውተር ማብራትም አይችልም።

ታዲያ ማን ጠራው?

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሥራ ጉድ የወጣው። ሎጉ ስለ ጠሪው የሚነግረን የዩዘሩን ስም ብቻ ነበር፣ ዩዘሩ ደግሞ የሁሉም ፕሮግራሞች ነው። የሒሳቡ፣ የሚዛኑ፣ የሪፖርቱ፣ ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ነው ዳታቤዙ ውስጥ የሚገቡት። የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰው ሱቅ እንደመምጣት ማለት ነው። እና ያለፈውን ሌሊት መልሶ ማየት አይቻልም። ያልተጻፈ አይነበብም። ማድረግ የምችለው የሚቀጥለውን መጠበቅ ነበር።

ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለው ዓይነት ነው። ፕሮሲጀሩን ከፈትኩና ከላይ ጥቂት መስመር ጨመርኩ፦ ከምንም በፊት አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሰዓቱን ከነቀኑ፣ የጠሪውን ፕሮግራም ስም፣ የመጣበትን ኮምፒውተር ስምና የገባበትን ዩዘር ጻፍ። እነዚህን የሚሰጡ ፈንክሽኖች ዳታቤዙ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አፕ ኔም፣ ሆስት ኔም፣ ኦሪጅናል ሎጊን ይባላሉ። የሚገዛ ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያቺ ልጅ የተቆረጠባት ገንዘብ የግማሽ ሰዓት ስንፍና ዋጋ ነበር ማለት ነው። የእኔንም ስንፍና ጨምሮ፣ ምክንያቱም ያን ፕሮሲጀር ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ተሸውጄ ነበር፣ ለሙያ ጓደኞቼ ይጠቅማል። ስሞክረው ፕሮሲጀሩ መሐል ላይ ስህተት ገጠመውና ሥራውን ሁሉ ወደኋላ መለሰ። የእኔም መዝገብ አብሮ ጠፋ! ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ ሥራ፣ ሲመለስ ውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ነው የሚመልሰው፣ «ይህቺ መዝገብ ናት፣ ትቆይ» አይልም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ መላው፣ መረጃውን መጀመሪያ በቴብል ቫሪያብል (በጊዜያዊ መያዣ) መያዝ ነው፤ እሱን ሮልባክ፣ ማለትም ይኸው ወደኋላ መመለስ፣ አይነካውም፣ ከተመለሰ በኋላ ወደ ሠንጠረዡ ትገለብጠዋለህ። ኦራክል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ አውቶኖመስ ትራንዛክሽን የሚባለው፣ ለብቻው የሚጸናው፣ ለዚህ ይሆናል። ይህን ያልሠራ ሰው የተሳካውን ጥሪ ብቻ ይመዘግብና የተበላሸው ጥሪ፣ ማለትም ዋናው የሚፈለገው፣ ያመልጠዋል።

ከዚያ ጠበቅን። ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ። ምንም። ሥራ አስኪያጁ ሲያገኘኝ «እና ማን ሆነ የሌሊቱ ጅብ?» እያለ ይስቅብኛል።

ኅዳር 22 ጠዋት ከፍቼ ሳይ አንዲት ረድፍ ቁጭ ብላለች። ሰዓቱ 2:10፣ ሌሊት። የፕሮግራሙ ስም ላይ ብዙም ተስፋ አልነበረኝም፤ እንደፈራሁትም «ዶት ኔት ኤስኪውኤል ክላየንት ዳታ ፕሮቫይደር» ይላል። ይህ ስም አይደለም። ፕሮግራመሩ ለፕሮግራሙ ስም ሳያወጣለት ሲቀር በነባሪ የሚለጠፍ ነው፣ «የእገሌ ልጅ» እንኳ ሳይሆን «አንድ ልጅ» እንደማለት። የኮምፒውተሩ ስም ግን ነበር። «ስቶር ኦልድ» ይላል።

ስቶር ኦልድ የሚባል ኮምፒውተር መኖሩን ቢሮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። መጋዘኑን የሚጠብቁት ሐጂ ናቸው የመሩኝ። ከጆንያ ክምር ጀርባ፣ ከአሮጌው ሚዛን አጠገብ፣ አቧራ የጠገበ ዴስክቶፕ አለ፤ ስክሪን የለውም፣ ፋኑ እንደ ንብ ይጮኻል። «ሐጂ፣ ይሄ ሁሌ በርቶ ነው እንዴ?» አልኳቸው። «ቡና መግባት ሲጀምር ለሚዛኑ ወረቀት ማተሚያ ብለው ሰኩት። እንዳታጠፉት ብለውኛል፣ አላጠፋሁም» አሉኝ። ሐቃቸውን ነው፤ የተባሉትን ነው ያደረጉት።

ስክሪን አምጥቼ ሰካሁበት። ከብዙ ጊዜ በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ተገኘ። ያኔ የክፍያ ቁልፉ አልተሠራም ነበር፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ በየወሩ በ1 ቀን፣ ሌሊት፣ ያንኑ ፕሮሲጀር እንዲጠራ ስኬጁል አድርጎታል። በፈረንጅ ቀን 1 ማለት ነው። ኖቬምበር 1 የእኛ ጥቅምት 22፣ ዲሴምበር 1 የእኛ ኅዳር 22። ለዚህ ነው ለማንም ምንም የማይመስለው፤ 22 የምን ቀን ነው? ኮምፒውተሩ ተነቅሎ እስከነበረ ድረስ ፕሮግራሙም ተኝቶ ነበር። ሲሰኩት ነቃ፣ የድሮ ሥራውንም ቀጠለ። ክፋት የለበትም። ማንም «አቁም» አላለውም።

እዚህ ጋ አንባቢ «ታዲያ በኮምፒውተሩ ስም ብቻ ተገኘ፣ ሌላው ምን አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ዕድል ነው። በብራውዘር የሚከፈት ሲስተም ቢሆን ኖሮ የሚመዘገበው ኮምፒውተር የዌብ ሰርቨሩ ራሱ ነበር፤ የሰዎቹ ማንነት ከኋላው ይቀራል። እንዲህ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ራሱ «አሁን የምሠራው ለእገሌ ነው» ብሎ ለዳታቤዙ ማቀበል አለበት። ለዚህ ሴሽን ኮንቴክስት የሚባል ነገር አለ፣ ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ጀምሮ (የፈረንጁ 2016፣ ደግሞ እንዳንሳሳት)። ፕሮግራሙም ስም ይውጣለት፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት የኮኔክሽን መስመር ላይ አፕሊኬሽን ኔም ብሎ አንድ ቃል መጻፍ ነው።

ፕሮሲጀር ፕሮሲጀርን ሲጠራ፣ ማለትም ሕፃኑን የላከችውን የላከ ሲፈለግ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ትንሽ ያስቸግራል። ፕሮክ አይዲ የራስህን ማንነት ይነግርሃል፣ ኔስት ሌቭል ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለህ ይነግርሃል፣ ከ32 በላይ ደግሞ አያስኬድህም፤ ማን እንደላከህ ግን ሁለቱም አይነግሩህም። ጠሪው ራሱ መለያውን በፓራሜትር፣ ከጥሪው ጋር አብሮ በሚላክ መረጃ፣ ቢያቀብል ይሻላል፣ አለዚያ ኤክስቴንድድ ኢቨንትስ የሚባለውን መከታተያ ከፍቶ መከታተል ነው። በኦራክል የምትሠሩ ዕድለኞች ናችሁ። ኦዋ ዩቲል በሚባለው ፓኬጅ (የፕሮሲጀሮች ጥቅል) ውስጥ ስሙ ራሱ «ሁ ኮልድ ሚ» የሆነ ፕሮሲጀር አለ፣ «ማን ጠራኝ» ማለት ነው፣ የጠሪውን ባለቤትና ስም እስከ መስመር ቁጥሩ ይሰጣል። 12ሲ ከተባለው የኦራክል ዕትም ወዲህ ደግሞ ዩቲኤል ኮል ስታክ መጥቷል፤ ፓኬጁን ብቻ ሳይሆን ፓኬጁ ውስጥ የጠራውን ፕሮሲጀር በስሙ ይነግራል። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይም አፕሊኬሽን ኔም ከ9.0 ዕትም ጀምሮ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የፕሮግራም ስምም የኮምፒውተር ስምም የሚመጣው ከጠሪው ወገን ነው። ተንኮለኛ የፈለገውን ስም ሊለጥፍ ይችላል፣ ሕፃኑም እኮ «እትዬ ናቸው የላኩኝ» ብሎ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ሌባ ለመያዝ ይህን ብቻ አትመኑ። ለየፕሮግራሙ የየራሱን ዩዘር መስጠት ይሻላል፣ ፈቃዱንም በሚሠራው ልክ። የእኛው አሮጌ ፕሮግራም የራሱ ዩዘር ቢኖረው ኖሮ ልጁ ሲለቅ ዩዘሩ ይዘጋ ነበር፣ ልጅቷም አታለቅስም ነበር።

እና እናንተ ጋዜጠኞች፣ ኃላፊው «የሲስተም ችግር ነው» ሲላችሁ ማስታወሻ ደብተራችሁን አትዝጉ። «የትኛው ፕሮግራም ጠራው? በስንት ሰዓት? በማን ዩዘር? ሰዓቱስ በማን አቆጣጠር ነው?» በሏቸው። መልስ ካላቸው ጥሩ። «አይታወቅም» ካሉ እሱን ጻፉ፤ «ሲስተም» ከሚለው ይልቅ እሱ ነው ዜናው።

ልጅቷ በኅዳር ደመወዝ የተቆረጠባት ተመልሶላታል። ይቅርታ ያላት ሰው ግን አላየሁም፤ ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጋበዛት ብለውኛል። አሮጌው ኮምፒውተር ተነቅሏል፣ ሐጂ ላዩ ላይ ጆንያ አጣጥፈው አስቀምጠውበታል። ዩዘሮቹን አሁን በየፕሮግራሙ እየለየሁ ነው፣ ገና አልጨረስኩም። ሠንጠረዡም መጻፉን አላቆመም፤ ባለፈው ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ከማላውቀው ኮምፒውተር አንዲት ረድፍ ገብታለች። እሷን እየፈለግሁ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዳታቤዝ ሠራተኛ
ከጅማ