ጉዳዩ፦ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ስለተሠራው የልጄ ምርመራ

ህዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለምርመራ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ባለፈው ግንቦት ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ቅርንጫፋችሁ የ10 ዓመት ልጄን አስመርምሬ ነበር። ቅሬታዬን ሁለት ጊዜ በአካል መጥቼ ተናግሬያለሁ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቴም "ዶክተሩ ያዘዘውን ነው የሠራነው" አለችኝ። ዶክተሩ ያዘዘው ግን እንደዚያ አልነበረም።

ልጄ አጭር ነው። የ8 ዓመት እህቱ በቁመት አልፋዋለች። በሚያዝያ ሙቀት ሹራብ ይደርባል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሐኪሙ ሁለት ምርመራ አዘዘለት፤ አንደኛው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ በደንብ መሥራቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ማለትም ቲኤስኤች፣ ሁለተኛው የእድገት ሆርሞን ማነቃቂያ ምርመራ። ከሥሩ ደግሞ መጀመሪያ ቲኤስኤች እንዲታይ፣ እሱ ደህና ከሆነ ብቻ ሁለተኛው እንዲቀጥል ጽፎ አሰመረበት። የወረቀቱን ኮፒ አያይዤዋለሁ።

የዚያን ቀን የቲኤስኤች ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቆባችኋል። ያጋጥማል፣ በዚህ አልተቀየምኩም። "ደሙ ይቀመጣል፣ ሌላውን እንጀምር" መባሉ ነው ያናደደኝ። እኔም ጾሙን ያደረ ልጅ ይዤ ስለነበር እሺ አልኩ። ክሎኒዲን የሚባል ክኒን ዋጠ። ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ደም ተቀዳለት። ክሎኒዲን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ እንቅልፍም ያመጣል። ከሦስተኛው ቱቦ በኋላ ዓይኑን መክፈት አቃተው። እስከ ፖስታ ቤት ድረስ አዝዬው ወረድኩ። የ10 ዓመት ልጅ ነው ያዘልኩት፣ ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ገምቱት። (ካኑላውን በአንድ ሙከራ ያስገባችውን ሲስተር አመስግኑልኝ። ከእሷ ጋር ጸብ የለኝም።)

ውጤቱ በማግስቱ በቴሌግራም ደረሰኝ። "የእድገት ሆርሞን እጥረት" ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ስደውል አንድ ባለሙያችሁ በየማታው የሚወጋ መርፌ እንደሚያስፈልገው፣ ለዓመታትም እንደሚቀጥል ነገረኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ዱባይ ላለችው እህቴ ደውዬ ብር እስከመለመን ደርሻለሁ።

በአራተኛው ቀን የቲኤስኤች ውጤት መጣ። ከ100 በላይ! ጤነኛ ልጅ ላይ ከ5 ብዙም አያልፍም። ቲኤስኤች እንዲህ ሲበዛ የታይሮይድ ሆርሞኑ አንሷል ማለት ነው።

ሐኪማችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አስረዳኝ። የእድገት ሆርሞንን የሚያመነጨው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፒቱታሪ እጢ ነው። እጢው ሥራውን በደንብ እንዲሠራ የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልገዋል። ታይሮይድ ሲያንስ የእድገት ሆርሞንም ይቀንሳል፣ ማነቃቂያ መድኃኒት ቢሰጠውም እጢው ተገቢውን ምላሽ አይሰጥም። በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ የሚመነጨው አይጂኤፍ ዋን የሚባለው ሌላ ሆርሞንም ይወርዳል። ስለዚህ ፒቱታሪው ጤነኛ የሆነ ልጅ ሳይቀር ምርመራውን ሊወድቅ ይችላል። ታይሮይዱ ሲታከም ብዙውን ጊዜ ሆርሞኑ ተመልሶ ይስተካከላል። መጀመሪያ ታይሮይድ ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው። በእኔ ቋንቋ ከሰሉ ሳይቀጣጠል "ጀበናው አልፈላም" ብሎ ጀበና መቀየር ማለት ነው። መርፌውን ብንጀምር ኖሮ ደግሞ ታይሮይዱ ሳይታከም እንደሚገባው አይሠራም ነበር።

ልጄ አሁን የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል መድኃኒት እየወሰደ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ክኒን ይውጣል፣ ቁርሱን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይበላል። ከስምንት ሳምንት በኋላ የተሠራው ቲኤስኤች በጣም ወርዷል። በሩ መቃን ላይ በእርሳስ የማሰምረው ምልክት ከሰኔ ወዲህ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ሹራቡን ራሱ አውልቆ ወንበር ላይ ሲጥለው ደስ ይለኛል፣ ባያነሳውም። ሐኪሙ ለጊዜው ቁመቱን እንከታተል እንጂ ምርመራውን እንድገመው አላለም።

ለማነቃቂያ ምርመራው የከፈልኩት 8,500 ብር ይመለስልኝ። የቲኤስኤች አልጠየቅሁም፣ እሱ በትክክል ነው የተሠራው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ያ ወረቀት ነው። "የእድገት ሆርሞን እጥረት" የሚል ውጤት በልጄ ስም ፋይላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ነገ ሌላ ሐኪም ቢያየው መርፌ ሊያዝለት ይችላል። ምርመራው የተሠራው ታይሮይዱ ሳይታከም እንደነበር ተጽፎበት፣ ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት አዲስ ወረቀት ይሰጠኝ። ሪኤጀንት ሲያልቅ ደግሞ ባለጉዳዩን በሌላ ቀን እንዲመጣ ንገሩት። እኔ ብሆን ያለ ቅሬታ እመለስ ነበር።

መልሳችሁን እስከ ህዳር 24 በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ስልኬና የካርድ ቁጥሩ ከተያያዘው ደረሰኝ ላይ አሉ። ለመደወል ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ቀን ሥራ ላይ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የልጁ እናት