ድንቅነሽ ነፍስ ነበራት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእህቴን ልጅ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወስጃት ነበር። ድንቅነሽን አየች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቆጠረች፣ ከዚያ በር ላይ ስንደርስ «አክስቴ፣ ድንቅነሽ ነፍስ ነበራት?» አለችኝ። አይስክሬም ገዝቼ አስረሳኋት። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ካቶሊክ ነኝ። «ቤተ ክርስቲያን ዝግመተ ለውጥን ታወግዛለች» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት መልእክት የሰው አካል ቀድሞ ሕይወት ከነበረው ነገር መምጣት አለመምጣቱን ሊቃውንት እንዲመረምሩ ፈቅደዋል፣ ነፍስን ግን እግዚአብሔር በቀጥታ ይፈጥራል ብለው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላምት በላይ መሆኑን ተናግረዋል። ስድስቱን የፍጥረት ቀንማ ቅዱስ አውግስጢኖስ እንኳ የዛሬ 1600 ዓመት ገደማ እንደኛ ቀን አልቆጠራቸውም።

ግን «ጳጳሱ ተቀብለውታል፣ አለቀ» የሚሉትም አይዋጡልኝም። ጠቡ ያለው አዳም ላይ ነው! እኚሁ ፒዮስ በዚያው መልእክት፣ የሰው ዘር ከአንድ አዳም ሳይሆን ከብዙ የመጀመሪያ ወላጆች መጣ የሚለውን ምእመናን መያዝ አይችሉም፣ ከጥንተ አብሶ (ከአዳም ከወረስነው ኃጢአት) ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አይታይም ብለዋል። የዘረመል ሰዎች ደግሞ የዛሬ ሰው ቅድመ አያቶች በሺዎች የሚቆጠሩ እንጂ ሁለት ብቻ አልነበሩም ይላሉ። (ዘረመልን የጀመረውም ግሬጎር ሜንዴል፣ የራሳችን መነኩሴ፣ ገዳም ውስጥ አተር እየዘራ!)

አንዳንድ የነገረ መለኮት ሊቃውንት መውጫ አግኝተናል ይላሉ። ከሺዎቹ መካከል እግዚአብሔር ለሁለቱ ነፍስ ሰጠ፣ ልጆቻቸው ከሌሎቹ ጋር እየተጋቡ በዙ፣ ሁላችንም የእነሱ ዘር ሆንን። ብልሃቱ አያንስም። ግን እነዚያ ሌሎቹ ምን ነበሩ? መልካቸው እንደኛ፣ ምናልባት እንደኛ የሚያወሩ፣ ልጅ ሲሞትባቸው የሚያለቅሱ፣ ነፍስ ግን የሌላቸው? እኔ በበኩሌ ይህን ለልጅ ማስረዳት አልችልም።

የሚያናድደኝ ጥያቄው መኖሩ ሳይሆን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል መዘለሉ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው እኮ አፋር ነው፣ ሌላ አገር ቢዘሉት እኛ እንዴት እንዘለዋለን? እባካችሁ አንድ የነገረ መለኮት መምህርና አንድ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አንድ ላይ አስቀምጡና ጠይቁልን፣ ያውም አዳም ላይ ሳይደርሱ እንዳይነሱ።

ልጅቷ ዘንድሮ የመጀመሪያ ቁርባን ትቀበላለች። ጥያቄዋን ለአባ ልታቀርብ ነው፣ እኔም አብሬያት እገባለሁ።

አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ